ስድስት ፓነል፣ ስድስት ዓይነት ወሰን፦ በማትፕሎትሊብ ዘንጎቹን ማስማማት (የመድረክ ውይይት፤ ከየመልእክቱ በላይ ያለው የጸሐፊው ስም ነው)

የዳሳሽ መዝገብ

ጤና ይስጥልኝ። የሦስት ክፍሎችን ሙቀትና እርጥበት የሚመዘግቡ ዳሳሾች አሉኝ። ውጤቱን በማትፕሎትሊብ፣ ማለትም በፓይተን የሥዕል ላይብረሪ፣ በአንድ ሥዕል ላይ አወጣዋለሁ፤ ሁለት ረድፍ፣ ሦስት ዓምድ። የላይኛው ረድፍ ሙቀት በዲግሪ ሴልሺየስ፣ የታችኛው እርጥበት በመቶኛ ሲሆን እያንዳንዱ ዓምድ አንድ ክፍል ነው።

ምንም ሳልነካ ስተወው እያንዳንዱ ፓነል (በሥዕሉ ውስጥ ያለ ትንሽ ሥዕል) የራሱን ወሰን፣ ማለትም ዘንጉ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቁጥር፣ ይመርጣል። የመጀመሪያው ክፍል ሙቀት ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ብቻ ሲዋልል፣ የሁለተኛው ከ21 እስከ 29 ይወጣል ይወርዳል፤ በሥዕሉ ላይ ግን ሁለቱም መስመሮች ፓነላቸውን ከግርጌ እስከ ጣሪያ ይሞሉታል። በዘንጉ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ያላነበበ ሰው ሁለቱ ክፍሎች እኩል የሚናወጡ ይመስሉታል። ሪፖርቱን የሚያዩት ሰዎች ደግሞ ውሳኔ የሚሰጡት ይህን ተመልክተው ነው።

ቋሚ ዘንግን የሚያጋራውን «ሼርዋይ» የሚለውን ፓራሜትር «ትሩ» ሳደርገው ስድስቱም አንድ ወሰን ያዙ። እርጥበቱ እስከ 60 ስለሚደርስ ሙቀቱ ታች ተጨፍልቆ ቀጥ ያለ መስመር መሰለ። የአንዱን ፓነል ወሰን በ«ሴት_ዋይሊም» ላስተካክል ስል ደግሞ አምስቱም አብረው ተቀየሩ። ሙቀት ከሙቀት፣ እርጥበት ከእርጥበት ጋር ብቻ እንዲስማማ ምን ላድርግ?

ቋሚ ዘንግ

የሚፈልጉት ነገር በላይብረሪው ውስጥ ተዘጋጅቶ አለ። «ሼርዋይ» ከ«ትሩ» እና ከ«ፎልስ» በተጨማሪ በጥቅስ ምልክት ውስጥ የሚጻፉ ቃላትም ይቀበላል፤ ከእነርሱ መካከል «ሮው» በአንድ ረድፍ ያሉትን ፓነሎች ብቻ ያስተሳስራል፣ «ኮል» ደግሞ በአንድ ዓምድ ያሉትን። ፓነሎቹን የሚፈጥረውን «ሰብፕሎትስ»ን ሲጠሩ ለ«ሼርዋይ» «ሮው»ን ይስጡ። የሦስቱም ክፍሎች ጊዜ አንድ ስለሆነ አግድም ዘንግን የሚያጋራውን «ሼርኤክስ»ን «ትሩ» ብለው ቢተዉት ጥሩ ነው።

> የአንዱን ፓነል ወሰን ላስተካክል ስል አምስቱም አብረው ተቀየሩ

ይህ ብልሽት አይደለም። ዘንጋቸውን የተጋሩ ፓነሎች በመካከላቸው ያለው አንድ ወሰን ነው፤ በየትኛውም በኩል ቢነኩት ለሁሉም ይደርሳል። ስለዚህ ረድፉን ካስተሳሰሩ በኋላ ወሰኑን በረድፉ ውስጥ ላለ ለአንድ ፓነል ብቻ መስጠት ይበቃል።

ወሰን ካልሰጡት ላይብረሪው የመረጃውን ትንሹንና ትልቁን ቁጥር ይወስድና በሁለቱም ጫፍ የስፋቱን 5 በመቶ ህዳግ ይጨምራል። የመጀመሪያው ክፍልዎ ከ18 እስከ 20 ከሆነ ዘንጉ ከ17.9 እስከ 20.1 ይሆናል። ይህ በ2017 ከወጣው 2.0 እትም ጀምሮ ያለ አሠራር ነው፤ ከዚያ በፊት ጫፎቹን ወደ ክብ ቁጥር ያሰፋቸው ነበር። በ«ማርጂንስ» ሊቀንሱት ወይም ሊጨምሩት ይችላሉ። ዘንጎች ሲተሳሰሩ ትንሹና ትልቁ የሚፈለጉት ከተሳሰሩት ፓነሎች ሁሉ መረጃ ነው።

የዳሳሽ መዝገብ

በጣም አመሰግናለሁ። እርጥበቱ ልክ እንደፈለግሁት ሆነ። ሙቀቱ ግን የባሰ ነገር አመጣ፤ ቋሚ ዘንጉ ከ−135 አካባቢ ተነሥቶ እስከ 37 ይሄዳል፣ ሦስቱም መስመሮች ጣሪያው ሥር ተለጥፈዋል። ሦስተኛው ክፍል ውስጥ −127 የሚል ንባብ አገኘሁ፣ ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ። ቀድሞም እዚያ ነበረ፤ ግን የሚያበላሸው የራሱን ፓነል ብቻ ስለነበረ ትኩረት አልሳበም።

ሌላው፣ ከመጀመሪያው ዓምድ በቀር የቋሚ ዘንጎቹ ቁጥሮች ጠፉ። መልሶ ማምጣት ይቻላል?

ቁጥር አንባቢ

−127ን አውቀዋለሁ። ዲኤስ18ቢ20 የሚባለውን የሙቀት ዳሳሽ አርዱዊኖ ከሚባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጋር ለማንበብ የሚያገለግለው የተለመደ ላይብረሪ ዳሳሹ ሲቋረጥበት የሚመልሰው ቁጥር ነው። ዳሳሹ ራሱ መለካት የሚችለው ከ−55 እስከ 125 ዲግሪ ስለሆነ −127 በምንም መንገድ ሙቀት ሊሆን አይችልም።

እባክዎ ይህን በዘንግ ወሰን አይሸፍኑት። ወሰኑን ከ15 እስከ 32 ቢያደርጉት ሥዕሉ ያምራል፤ ነገር ግን መስመሩ ወደ −127 ሲወርድ ከፓነሉ ግርጌ ጋር የሚቆራረጥ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ሆኖ ይቀራል፣ ያየው ሰውም ክፍሉ በድንገት የቀዘቀዘ ይመስለዋል። መረጃው ላይ ይሥሩ፦ ፓንዳስ በሚባለው የመረጃ ላይብረሪ «ሪፕሌስ» −127ን ወደ «ናን» (ቁጥር የለም ወደሚል ባዶ ምልክት) ይቀይሩት። ማትፕሎትሊብ «ናን» ሲገጥመው መስመሩን ይቆርጠዋል፤ ክፍተቱ ዳሳሹ ያልነበረበትን ጊዜ በግልጽ ያሳያል። ወሰኑም ወዲያው ወደ ትክክለኛው ቦታ ይመለሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ወሰኑን ራስዎ የሚያሰሉ ከሆነ ነምፓይ የሚባለው የስሌት ላይብረሪ «ሚን» እና «ማክስ» በመካከል አንድ «ናን» ካገኙ ውጤታቸው «ናን» ይሆናል፤ «ሴት_ዋይሊም» ደግሞ «ናን» ሲሰጠው የስህተት መልእክት አውጥቶ ይቆማል። «ናን»ን የሚዘልሉትን «ናንሚን» እና «ናንማክስ» ይጠቀሙ።

የጠፉት ቁጥሮች የተደበቁት ሆን ተብሎ ነው፤ የረድፉ ወሰን አንድ ከሆነ በየፓነሉ መድገም ቦታ ይፈጃል። በየፓነሉ «ቲክ_ፓራምስ» ጠርተው «ሌብልሌፍት»ን «ትሩ» ካደረጉት ይመለሳሉ። እኔ ግን እንዲተዉአቸው እመክራለሁ። ቁጥር የሌለበት ፓነል «ወሰኔ የጎረቤቴ ነው» ብሎ ይናገራል፤ በየፓነሉ ቁጥር ሲኖር ግን አንባቢው እያንዳንዱን ማመሳከር ይጀምራል።

መቶኛ

ለሌሎች አንባቢዎች አንድ አማራጭ ልጨምር። የራቁት ነጥቦች ምን እንደሆኑ በማይታወቅበት ጊዜ ወሰኑን ከትንሹና ከትልቁ ይልቅ ከ1ኛውና ከ99ኛው መቶኛ ላይ፣ ማለትም ከንባቦቹ 1 በመቶና 99 በመቶ ከሚያንሱበት ቁጥር ላይ፣ መውሰድ ይቻላል። ነምፓይ «ናንፐርሰንታይል» የሚባል ፈንክሽን አለው። ብዙ ፓነል በአንድ ጊዜ ለሚያወጣ ሰው በጣም ይጠቅማል፤ ሁሉንም በእጅ መፈተሽ አይቻልም።

ቁጥር አንባቢ

> ወሰኑን ከ1ኛውና ከ99ኛው መቶኛ ላይ መውሰድ ይቻላል

ይቻላል፤ ከአንድ ቅድመ ሁኔታ ጋር። ከወሰን ውጭ የቀረው ነጥብ መኖሩ ይነገር። ማትፕሎትሊብ ከወሰን የወጣን ነጥብ ሲቆርጥ ምንም አይናገርም፤ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ምልክት የለም። እኔ ከላይኛው ወሰን የሚያልፉትን ለይቼ በፓነሉ ጣሪያ ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን አደርግላቸዋለሁ። ሁለት መስመር ኮድ ነው። ይህ ሳይደረግ መቶኛ መጠቀም ከባዱን ጊዜ ከታሪኩ ማውጣት ነው፤ የአንድ ክፍል ሙቀት ለጥቂት ደቂቃ ወደ 45 ከዘለለ ሪፖርቱ የተጻፈው ለዚያች ጥቂት ደቂቃ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ ዓምድ

ስለ ትእዛዞቹ ቅደም ተከተል የተናገረ ስለሌለ ልጻፍ፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው።

«ሴት_ዋይሊም» ወሰኑን ከመስጠት ሌላ አንድ ሥራ ይሠራል፦ ራስ-ሰር ማስተካከያውን ያጠፋል። ከዚያ በኋላ የሚሣል መረጃ ወሰኑን አያንቀሳቅሰውም። ሁለቱንም ጫፍ የሚሰጡ ከሆነ ከሥዕሉ በፊትም ሆነ በኋላ ቢጠሩት ለውጥ የለውም። የታችኛውን ጫፍ ብቻ፣ ለምሳሌ ዜሮን፣ ከሥዕሉ በፊት ከሰጡ ግን የላይኛው ጫፍ ባዶ ፓነል ይዞት በነበረው በ1 ላይ ይቀራል፤ 29 ዲግሪ ያለው መስመር ከፓነሉ ውጭ ይሆናል፣ ፓነሉም ባዶ ይመስላል። «ምንም አልሣለልኝም» የሚሉ ብዙ ጥያቄዎች መነሻቸው ይህ ነው። ስለዚህ አንድ ጫፍ ብቻ ሲሰጡ መጀመሪያ ይሣሉ፣ ከዚያ ይገድቡ። የጠፋውን ራስ-ሰር ማስተካከያ ለመመለስ «አውቶስኬል» ይጠሩ።

ሌላው ዘንግን ስለ መገልበጥ ነው። የውኃ ጥልቀት የሚያሳዩ ፓነሎች ዜሮን ከላይ፣ ጥልቀቱን ወደ ታች ማድረግ ይፈልጋሉ። ለዚህ «ኢንቨርት_ዋይአክሲስ» አለ፤ ይህ ትእዛዝ ግን ያለውን አቅጣጫ ይገለብጣል እንጂ ወደ አንድ የተወሰነ አቅጣጫ አያዞርም። ዘንጋቸውን በተጋሩ ፓነሎች ላይ በሉፕ (በድግግሞሽ ኮድ) እየዞሩ ከጠሩት እያንዳንዱ ጥሪ ሁሉንም ይገለብጣል። ሦስት ፓነል ካለ መጨረሻው የተገለበጠ ይሆናል፤ አራተኛ ፓነል ሲጨመር ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ኮዱ ትናንት ሠርቶ ዛሬ የሚከሽፍበት ምክንያት የፓነሉ ቁጥር ጎዶሎ ወይም ሙሉ መሆኑ ነው! ወይ ከሉፑ ውጭ አንድ ጊዜ ይጥሩት፤ ወይ «ሴት_ዋይሊም» ላይ ትልቁን ቁጥር አስቀድመው 200፣ 0 ብለው ይስጡ። የኋለኛው ስንት ጊዜ ቢደገም ውጤቱ አንድ ነው።

ዘንግ መጋራት ከወሰን በላይ ነው። የመለኪያው ዓይነትም አብሮ ይጋራል፤ አንዱን ወደ ሎጋሪዝም ከቀየሩ ወንድሞቹም ይቀየራሉ። የምልክቶቹ አቀማመጥም እንዲሁ። በሎጋሪዝም ዘንግ ላይ ዜሮን ወይም ከዜሮ በታች ያለ ቁጥርን እንደ ታችኛ ወሰን ቢሰጡ ላይብረሪው አስጠንቅቆ ያልፈዋል።

ቅርጽ ፈላጊ

እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ዘንግ መጋራት ሁልጊዜ ትክክል ነው የሚል ይመስላል። አልስማማም። ጥያቄው «ሙቀቱ በየትኛው ሰዓት ይወጣል?» ከሆነ ለእያንዳንዱ ፓነል የራሱን ወሰን መተው ይሻላል። በጋራ ወሰን የመጀመሪያው ክፍል የሁለት ዲግሪ ውጣ ውረድ ተጨፍልቆ ሰዓቱ አይለይም። መጠኑ ጠፋ ብለን ቅርጹን እንድናጣ መገደድ የለብንም።

የዳሳሽ መዝገብ

ይህ ትክክለኛ ጭንቀቴ ነው። −127ን ካስወገድሁ በኋላ ሙቀቱ ተስተካከለ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ክፍል አሁን ፓነሉ ግርጌ ላይ ቀጭን መስመር ሆኗል፣ ከበላዩ ብዙ ባዶ ቦታ አለ።

ቋሚ ዘንግ

ወንድሜ ቅርጽ ፈላጊ ያነሡት ነጥብ እውነት ነው፤ ግን ምርጫው ሁለት ብቻ አይደለም። ሦስተኛ መንገድ አለ፣ እኔም አብዝቼ የምጠቀምበት እርሱን ነው፦ ወሰኑን ሳይሆን የወሰኑን ስፋት ማስተካከል።

በየፓነሉ ትንሹንና ትልቁን ያግኙ። ከሁሉም ሰፊውን ልዩነት ይውሰዱ፤ በእርስዎ መረጃ ሁለተኛው ክፍል ነው፣ ከ21 እስከ 29፣ ስፋቱ 8 ዲግሪ። በሁለቱም በኩል 5 በመቶ ሲጨመር 8.8 ይሆናል፣ ግማሹ 4.4። ከዚያ ለእያንዳንዱ ፓነል የራሱን መካከለኛ ነጥብ ይዘው 4.4 ወደ ላይ፣ 4.4 ወደ ታች ይስጡ። የመጀመሪያው ክፍል መካከሉ 19 ስለሆነ ከ14.6 እስከ 23.4 ይይዛል፤ ሁለተኛው መካከሉ 25 ስለሆነ ከ20.6 እስከ 29.4። አንድ ዲግሪ በሁሉም ፓነል ላይ አንድ ዓይነት ቁመት አለው፤ የተረጋጋው ክፍል የተረጋጋ፣ የሚናወጠው የሚናወጥ ሆኖ ይታያል፤ መስመሮቹም ሁሉ በየፓነላቸው መካከል ላይ ይቀመጣሉ።

ለዚህ ሙቀቱን የያዘው ረድፍ መተሳሰር የለበትም፤ «ሼርዋይ» ለሥዕሉ በሙሉ የሚሰጥ ስለሆነ «ፎልስ» ያድርጉትና የእርጥበቱን ረድፍ ብቻ በኋላ ያስተሳስሩ። በ2020 ከወጣው 3.3 እትም ጀምሮ እያንዳንዱ ፓነል የራሱ «ሼርዋይ» ትእዛዝ አለው፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ፓነል ከመጀመሪያው ጋር ለማገናኘት አንድ አንድ ጊዜ ይጥሩት። መረጃው ከመሣሉ በፊት ቢያደርጉት ይመረጣል። አንዴ የተሳሰረን ዘንግ ለመፍታት የተዘጋጀ ትእዛዝ ስለሌለ አስቀድመው ይወስኑ። በዚህ መንገድ የተሳሰሩ ፓነሎች ቁጥራቸው በራሱ አይደበቅም። በሙቀቱ ረድፍ ላይ ግን ወሰኑ ስለሚለያይ ቁጥሮቹ በየፓነሉ መታየት አለባቸው፤ እዚያ አይደብቋቸው።

አራቱ መስመሮች

ዘንግ መጋራት ለምን እንደሚያስፈልግ ለተማሪዎች ሳስረዳ የስታቲስቲክስ ባለሙያውን የፍራንሲስ አንስኮምብን የ1973 አራት የመረጃ ስብስቦች አወጣለሁ። በማትፕሎትሊብ ላይ የተሠራው ሲቦርን የሚባለው ላይብረሪ «ሎድ_ዳታሴት» ላይ «አንስኮምብ» ብሎ ይጠራቸዋል። አራቱም አግድም አማካያቸው 9፣ ቋሚ አማካያቸው 7.5፣ ዝምድናቸው 0.816 ገደማ ነው፤ የሁሉም ቀጥተኛ መስመር ደግሞ ከ3 ተነሥቶ በአንድ እርምጃ 0.5 የሚወጣ ነው። ነጥቦቹ ግን ፈጽሞ አይመሳሰሉም።

እያንዳንዱ ፓነል የራሱን ወሰን ሲይዝ የሚሆነውን ይመልከቱ። ሦስቱ አግድም ላይ ከ4 እስከ 14 ሲይዙ አራተኛው ከ8 እስከ 19 ይይዛል። ቋሚውም ይለያያል፦ ሁለተኛው 3.10 ድረስ ይወርዳል፣ ሦስተኛው 12.74 ድረስ ይወጣል። አንድ የሆኑት አራት መስመሮች አንዱ ገደል፣ ሌላው ሜዳ መስለው ይወጣሉ። የምሳሌው ቁም ነገር መስመሮቹ አንድ ሆነው ነጥቦቹ መለያየታቸው ነው፤ ወሰኑ ሲለያይ ግማሹ ትምህርት ይጠፋል። ሁለቱም ዘንጎች ሲጋሩ አራቱ መስመሮች በአንድ ተዳፋት ይወጣሉ፣ ዓይን ወዲያው ወደ ነጥቦቹ ይሄዳል።

ሲቦርን በነባሪ ዘንጎቹን ያጋራል፤ በዚህ ከማትፕሎትሊብ ይለያል። ነጻ ማውጣት ሲፈልጉ በ«ሬልፕሎት» ላይ «ሼርዋይ»ን በቀጥታ ሳይሆን «ፋሴት_ኬደብሊውኤስ» በሚባለው መዝገበ ቃል (ስምና ዋጋ አጣምሮ በሚይዝ የፓይተን ዝርዝር) ውስጥ ይሰጣሉ። «ካትፕሎት» ላይ ግን በቀጥታ ይሰጣል። ይህን ልዩነት ያስተውሉ።

ሰሌዳ ሠሪ

በፕሎትሊ፣ በሌላው የሥዕል ላይብረሪ፣ የምትሠሩ ካላችሁ፦ የፕሎትሊ ኤክስፕረስ ፓነሎችም በነባሪ ይጋራሉ። ለማላቀቅ «አፕዴት_ዋይአክሲስ» ላይ «ማችስ»ን «ነን» ማድረግ ነው፤ ከዚያ «ሾውቲክሌብልስ»ን «ትሩ» ካላላችሁ የየፓነሉ ቁጥር አይታይምና አንባቢው ወሰኑ መለያየቱን አያውቅም። እነዚህን ሁለቱን ፈጽሞ አትለያዩ።

በሎጋሪዝም ዘንግ ላይ ደግሞ በ«አፕዴት_ዋይአክሲስ» የሚሰጠው የፕሎትሊ ወሰን በ10 ርቢ ነው። ከ1 እስከ 1000 ከፈለጋችሁ የምትጽፉት 0 እና 3 ነው። 1 እና 1000 ብላችሁ ከጻፋችሁ ዘንጉ 10 በ1000 ርቢ ድረስ ሊሄድ ይሞክራል።

የቀለም ወሰን

ፓነሎቹ መስመር ሳይሆኑ በ«ኢምሾው» የተሠሩ የሙቀት ካርታዎች ቢሆኑም ነገሩ ያው ነው። እያንዳንዱ ካርታ የቀለሙን ወሰን ከራሱ መረጃ ይወስዳል፤ በአንዱ ላይ ቀይ 20 ሲሆን በጎረቤቱ 29 ይሆናል። ለሁሉም አንድ «ቪሚን» እና አንድ «ቪማክስ» ይስጡ፣ አንድ የቀለም መለኪያ ለሁሉም ፓነሎች በጋራ ያስቀምጡ። «ሼርዋይ» ቀለም ላይ አይደርስም።

የዳሳሽ መዝገብ

እኩል ስፋት የሚለውን ሠራሁት፤ ሦስቱም ክፍሎች አሁን በትክክለኛ መጠናቸው ይታያሉ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሥዕሉ በየሳምንቱ ይወጣል፣ ሰዎች ያለፈውን ሳምንት ከዚህኛው ጎን አድርገው ያያሉ። ወሰኑ ከመረጃው የሚሰላ ከሆነ በየሳምንቱ ይለዋወጣል።

ቁጥር አንባቢ

እንግዲያው ስሌቱን ይተዉት። ዘንግ መጋራት የሚሠራው በአንድ ሥዕል ውስጥ ነው፤ ከአንድ ፋይል ወደ ሌላ አይሻገርም። የየክፍሉን ወሰን በቁጥር ወስነው በኮዱ መጀመሪያ በአንድ መዝገበ ቃል ውስጥ ያስቀምጡ፣ ሁሉም ሳምንት ከዚያ ያንብብ። ለመነሻ ያለዎትን መረጃ በሙሉ፣ ከሁሉም ሞቃታማውንም ከሁሉም ቀዝቃዛውንም ጊዜ ጨምሮ ይመልከቱ።

ቋሚ ወሰን አንድ አደጋ አለው፤ ያልጠበቁት ሳምንት ሲመጣ መስመሩ ከፓነሉ ይወጣል። ስለዚህ ከመሣሉ በፊት ከወሰን ውጭ ያሉትን ንባቦች ይቁጠሩና ቁጥሩ ከዜሮ ከበለጠ በፓነሉ ጥግ ላይ ይጻፉት።

ቋሚ ዘንግ

ወሰኑን ሲለውጡ ደግሞ የድሮዎቹን ሳምንታት ሥዕሎች በአዲሱ ወሰን መልሰው ያውጡ፤ አለበለዚያ ጎን ለጎን ሲታዩ መነሻው ችግር ይመለሳል። እርጥበቱ በመስመር የተሣለ ስለሆነ ዘንጉን ከ20 ቢያስጀምሩት ምንም አይደለም። ወደ ባር ከቀየሩት ግን የታችኛውን ጫፍ ዜሮ ያድርጉት፤ ማትፕሎትሊብም በራሱ ከተዉት የባሩን ግርጌ ዜሮ ላይ ያሳርፈዋል፣ ከታችም ህዳግ አይጨምርበትም።